የተሸሸገ ሽጉጥና የክርስቲያን ኅሊና

ሰው ሕይወቱን ሊነጥቅ የመጣበትን ዐመፀኛ በኃይል ሊከላከል ይችላልን? ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ጥያቄ የምትሰጠው መልስ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በተወሰነ ልክ ይችላል። ከዚህ ጥያቄ አጠገብ ግን እርሱን የሚመስል፣ ነገር ግን ከእርሱ የሚለይ ሌላ ጥያቄ አለ። ሰው በየማለዳው ከቤቱ ሲወጣ፣ ማንም ሳያይበት፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በልብሱ ሥር ታጥቆ መዋል ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ የትኛውን ይምረጥ? የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ አንዲት የጭንቅ ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ዕለታዊ ኑሮ ነው። ብዙ ሰዎች ለመጀመሪያው የተሰጠውን መልስ ይዘው ሁለተኛውንም የመለሱ ይመስላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ለይቶ መመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት የአገራችን መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ዛሬ በብዛት የሚነሣው በአሜሪካ ነው። ሆኖም ከእኛ የራቀ አይደለም። በዚያ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ ታክሲ ይነዳሉ፣ በነዳጅ ማደያና እኩለ ሌሊት ድረስ በሚከፈቱ ሱቆች ይሠራሉ፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። የቀኑን ገቢ ይዘው በጨለማ የሚመለሱ ናቸውና «ሽጉጥ ልግዛ? የትኛውን ልግዛ?» ብለው ቢጠይቁ አያስደንቅም። ጥያቄው በስልክ ለአባትና ለእናት፣ ለቁምስናው ካህንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ይደርሳል። ስለዚህ የሚጠየቀው ሰው የሚመልሰውን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሕግ የሚፈቅደውና ኅሊና የሚጠይቀው

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ጦር መሣሪያ የሚናገረው ሁለተኛ ማሻሻያ የጸደቀው በ1791 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሰው ራሱን ለመከላከል በቤቱ ሽጉጥ የማኖር የግል መብት እንዳለው ፈረደ። በ2022 ደግሞ ይህ መብት ከቤት ውጭ ታጥቆ መሄድንም እንደሚጨምር ወሰነ። በዚህ ፍርድ፣ ልዩ ምክንያት ላላቀረበ ሰው ፈቃድ የሚከለክለውና ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የኒው ዮርክ ግዛት ሥርዓት ተሻረ። በ2024 ከሃምሳው ግዛቶች 29ኙ፣ ሕግ የማይከለክለው ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ያለ ምንም ፈቃድ ሽጉጥ ሸሽጎ እንዲታጠቅ ይፈቅዱ ነበር። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ወስኖታል።

የአገር ሕግ «ይቻላልን?» ለሚለው መልስ ይሰጣል። «ይገባልን?» የሚለውን ግን ለኅሊና ይተወዋል። እንዲያውም ሕጉ እየሰፋ በሄደ መጠን የኅሊና ሸክም እየከበደ ይሄዳል። ቀድሞ ዳኛ ወይም የፖሊስ አዛዥ «ለምን ፈለግኸው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ስፍራ ያን ጥያቄ ሰው ራሱን ካልጠየቀ የሚጠይቀው የለም።

ስለ ራስ መከላከል የተሰጠ ትምህርት

አበው በዚህ ነገር በቀላሉ አልተናገሩም። ቅዱስ አጎስጢኖስ ለፑብሊኮላ በጻፈው መልእክት፣ ወታደር ወይም ሕዝብን የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ካልሆነ በቀር፣ ሰው የራሱን ሕይወት ለማትረፍ ሲል ሌላውን መግደሉን እንደማይቀበል ገልጿል። ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ነገሩን በሌላ መንገድ መረመረው። አንድ ሥራ ሁለት ውጤት ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ የታሰበው፣ ሌላው ከታሰበው ውጭ የሚከተል። ራሱን የሚከላከል ሰው የሚያስበው ሕይወቱን ማዳን ነው። የአጥቂው ሞት ቢከተል እንኳ የታሰበው ነገር እርሱ አይደለም። ስለዚህ የተጠቀመበት ኃይል ከሚያስፈልገው ልክ ካላለፈ በደል አይሆንበትም። ካለፈ ግን በደል ይሆንበታል። የግል ሰው ለመግደል አስቦ መግደልም አልተፈቀደለትም።

በ1992 የታወጀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከቁጥር 2263 እስከ 2265 ይህንኑ ይከተላል። ከዚህም አልፎ የሌሎችን ሕይወት የመጠበቅ ኃላፊነት ላለበት ሰው መከላከል መብት ብቻ ሳይሆን ከባድ ግዴታም ሊሆን እንደሚችል ያስተምራል። እንግዲህ ሚስቱንና ልጆቹን ለመጠበቅ የሚያስብ አባት ስለ ማሰቡ አይወቀስም።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ያለው ሕግም ልክን ያስተምረናል። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ የለበትም። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ዕዳ አለበት። ልዩነቱ የሚመጣው ከማየት ነው። በጨለማ የገባው ምን አስቦ እንደመጣ አይታወቅም፤ በብርሃን ግን ማን እንደሆነና ምን እንደያዘ ይታያል፣ ይጮኽበታል፣ ጎረቤት ይጠራበታል። ከዚህ የምንማረው፣ ንብረት ለማስጣል ብቻ ነፍስ እንደማይጠፋ ነው። በሱቅ ሣጥን ውስጥ ያለ ገንዘብ፣ ብዙ ድካም የፈሰሰበት ቢሆንም፣ የሰው ሕይወት አይተካከለውም። ገንዘቡን ብቻ ለሚፈልግ ዘራፊ ገንዘቡን መስጠት ፍርሃት ተብሎ አይነቀፍም።

የሚታይ መሣሪያና የማይታይ መሣሪያ

ምንሽር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ዲሞትፈር እያለ የጠመንጃውን ዘር የሚቆጥር ገበሬ በአገራችን ብዙ ነበር። መሣሪያው የርስቱ ጠባቂ፣ የክብሩ ምልክት ነበር፤ በሠርግም በለቅሶም ይተኮስ ነበር። ይህን ልማድ በባዶ ማመስገን አይገባም፤ በደም መላሽ ስንት ቤት እንደጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ ነበረው፤ መሣሪያው በትከሻ ላይ ይታይ ነበር። ጎረቤት ማን እንደታጠቀ ያውቃል። ሰውየው ተቆጥቶ ሲነሣ ሽማግሌ ያየዋል፣ «አስቀምጠው» ይለዋል፣ እናት ወይም እህት ከመንገድ ቆማ ትለምነዋለች።

የተሸሸገው ሽጉጥ ይህ ሁሉ ጠባቂ የለውም። ታክሲ ውስጥ የተሳፈረው፣ በአውቶቡስ አጠገቡ የተቀመጠው፣ በቅዳሴ ጎኑ የቆመው አያውቅም። መሸሸግን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው፤ ማን እንደታጠቀ ካልታወቀ ዘራፊው ሁሉንም ይፈራል፣ ታጣቂውም ሌላውን ሰው አያስደነግጥም ይላሉ። ይህ ከንቱ አባባል አይደለም። ሆኖም ያልታየ መሣሪያ የሚገሥጸው ሰው የለውምና የታጣቂው ኅሊና ለራሱ ሽማግሌም፣ እናትም፣ ዳኛም መሆን ይኖርበታል። የምርጫው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በመደብሩ የሚጠየቁት ጥያቄዎች

ሽጉጥ ሊገዛ ወደ መደብር የገባ ሰው ስለ መጠን፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ጥይት ዓይነትና ብዛት፣ ስለ ማኅደር ይጠየቃል። እነዚህ የዕቃ ጥያቄዎች ይመስላሉ፤ ጠለቅ ብሎ ለተመለከታቸው ግን እያንዳንዳቸው ስለ ሌላ ሰው ሕይወት የሚጠይቁ ናቸው።

በመጀመሪያ መጠኑን እንመልከት። ለመሸሸግ የሚመች ሽጉጥ ትንሽና ቀላል ነው። ለምሳሌ ሲግ ሳወር የተባለው ኩባንያ በ2018 ያወጣው ፒ365 የተባለ ሽጉጥ በጣም ቀጭን ሆኖ በካዝናው አሥር ጥይት ይይዛል። ከዚያ በፊት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ለዚህ አገልግሎት የተለመደው በሚሽከረከር ክብ ቤቱ አምስት ጥይት የሚጎርስ ትንሽ ሪቮልቨር ነበር። ትንሽነት ግን ዋጋ አለው። ቀላል ሽጉጥ ሲተኮስ በእጅ ላይ አብዝቶ ይራገጣል፤ አፈሙዙ አጭር በመሆኑ የማነጣጠሪያዎቹ ርቀት ያጥራል፣ ጥቂት የእጅ መንቀጥቀጥ ጥይቱን ከታሰበበት ያርቀዋል። ስለዚህ ለታጣቂው በጣም የሚመቸው መሣሪያ ብዙ ጊዜ በመንገድ ላይ ላለው አላፊ አግዳሚ የሚያሰጋው ነው። ሰው ከምቾቱና ከሌላው ደኅንነት መካከል ሲመርጥ ምርጫው የዕቃ ብቻ አይሆንም።

ስለ ጥይቱም እንዲሁ ነው። ትልቅና ኃይለኛ ጥይት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ግን በ2014 ነገሩን መርምሮ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመልሷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ተኳሾች አነስተኛ እርግጫ ባለው መሣሪያ ይበልጥ አስተካክለው መምታታቸው ነው። ጫፉ ጎድጓዳ የሆነና ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ጥይትም አለ። በ1899 በሔግ የተደረገው ስምምነት የዚህን ዓይነቱን ጥይት፣ የጠላት ወታደር ያለ አስፈላጊነት እንዳይሠቃይ ሲል፣ በጦርነት ከልክሏል። ፖሊሶችና ሽጉጥ ታጣቂዎች ግን በከተማ ውስጥ የሚመርጡት እርሱን ነው። ምክንያቱም በተመታው ሰው አልፎ ከኋላው የቆመውን የመምታቱ ዕድል አነስተኛ ነው። የተሳተ ጥይት ግን የዚያ አገር ቤቶች የተሠሩበትን ስስ የውስጥ ግድግዳ በቀላሉ ዘልቆ በሚቀጥለው ክፍል የተኛውን ሕፃን ሊያገኝ ይችላል። ጥይት የሚመርጥ ሰው ከአጥቂው ጀርባ ስላለው ሰውም እየመረጠ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛው ማኅደሩ ነው። ሽጉጥን ያለ ማኅደር በኪስ ወይም በቀበቶ መሐል መሰካት አደገኛ ነው፤ ቁልፍ፣ የልብስ ጫፍ ወይም ጣት ምላጩን ሊስብ ይችላል። ጥሩ ማኅደር ጠንካራ ነው፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ሰው ሲሮጥ ወይም ሲጎነበስ መሣሪያውን አይጥልም። ዋጋው ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ለእርሱ የሚሰስት ሰው ሌላውን ሰው ለአደጋ አጋልጦ ለራሱ ገንዘብ እንደሚቆጥብ ይቆጠራል።

የመጨረሻው ልምምድ ነው። በ1983 አንድ የሶልት ሌክ ከተማ የፖሊስ አሠልጣኝ ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ያህል ርቀት በአንድ ሰኮንድ ተኩል ገደማ ሮጦ ይደርሳል፤ ይህም የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። ታዲያ ዓመት ሙሉ ኢላማ ያልተኮሰ ሰው በዚያች ጊዜ ውስጥ አይቶ፣ ፈርዶ፣ መዝዞ፣ አነጣጥሮ መተኮስ ይችላልን? ቅዱስ ቶማስ የጠየቀውን ልክ የሚጠብቅ ፍርድ ሊሰጥበት ያለው ጊዜ ይህን ያህል አጭር ነው። ያለ ልምምድ የታጠቀ ሰው ፍርዱን ለፍርሃት ትቶታል።

በወንጌል የምናነበው የጌቴሴማኒ ሌሊት ይህን ያሳየናል። እንደ ቅዱስ ሉቃስ አተራረክ ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ ይዘው ነበር። ጭፍሮቹ ሲመጡ በሰይፍ ይምቱ እንደሆነ ጌታን ጠየቁት። ጥያቄው መልካም ነበር። ነገር ግን መልሱ ሳይመጣ ከእነርሱ አንዱ፣ ቅዱስ ዮሐንስ ጴጥሮስ መሆኑን ይነግረናል፣ መታ። የተመታውም ጭፍራውን የላከው ባለ ሥልጣን ሳይሆን አገልጋዩ ነበር። እጅ ከመልሱ ቀደመ፣ ቁስሉም ባልታሰበው ሰው ላይ ዐረፈ። ጌታ ጆሮውን ፈወሰለት፤ እኛ ግን የተኮስነውን ጥይት መመለስ አንችልም።

ሽጉጡ የማያስፈልግባቸው ቀናት

ሽጉጥ የሚገዛ ሰው በአሳቡ የሚሥለው አጥቂው የሚመጣበትን ቀን ነው። ያ ቀን ለብዙዎቹ ታጣቂዎች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜም አይመጣም። መሣሪያው ግን በሺህ በሚቆጠሩ ሌሎች ቀናት አብሮት ይውላል፤ ከጎረቤት በተጣላበት ቀን፣ በመንገድ መኪና በተጋፋው ቀን፣ በሠርግ ጠጅ በጠጣበት ምሽት፣ ሥራ በተባረረበት ሳምንት፣ ሚስቱ ጥላው በሄደችበት ወር። የምርጫው መልካምነትና ክፋት ይበልጥ የሚመዘነው በእነዚህ ቀናት ነው።

ንጉሥ ከመሆኑ በፊት ዳዊት ናባል በሰደበው ጊዜ ሰይፉን ታጠቀ፣ አራት መቶ ሰዎችም ተከተሉት። ዳዊት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ስድብና ሰይፍ በአንድ ሰዓት ተገናኙ። ከደም ያዳነችው አቢግያ ናት። ስንቅ ጭና፣ ከአህያዋ ወርዳ በፊቱ ሰገደች፣ በኋላ የሚጸጽተውን ነገር እንዳያደርግ መከረችው፤ እርሱም ስለ ከለከለችው እግዚአብሔርን አመሰገነ። አቢግያ የደረሰችው ወሬው ስለ ተሰማ ነው። በልብሱ ሥር የታጠቀውን ሰው ግን አቢግያ በጊዜ አትደርስለትም።

ስሕተትም አለ። በሚያዝያ 2023 በሚዙሪ ግዛት፣ ካንሳስ ከተማ፣ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ወንድሞቹን ሊወስድ ሄዶ በስሕተት የሌላ ሰው በር ደወለ። የ84 ዓመት አዛውንት የሆነው ባለቤት ፈርቶ በሽጉጥ ተኮሰበት። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ሽማግሌው ተጠቃሁ ብሎ አስቦ ነበር፤ በበሩ የቆመው ግን አድራሻ የተሳሳተው ልጅ ነበር።

ጥቁር መጤ ለሆነ ወገናችን ሌላም ነገር ይጨመርበታል። በሐምሌ 2016 በሚኒሶታ ፖሊስ መኪናውን ያስቆመው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው፤ መሣሪያ መያዙንም በጨዋ ንግግር ለፖሊሱ አስታወቀ። ፖሊሱ ደንግጦ ተኩሶ ገደለው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ፍርድ ቤት ፖሊሱን በነፃ ለቀቀው። ሕጉ ራሱ በየግዛቱ ይለያያል። በቨርጂኒያ የተሰጠ ፈቃድ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ዋሽንግተን ሲገባ እንደ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ተሳፋሪ ይዞ ድልድዩን በቀን አምስት ጊዜ የሚሻገር ባለ ታክሲ ሳያስበው ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ደግሞ በጦር መሣሪያ ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ሊባረር ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በቤት ውስጥ ያለው ነው። በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ የሞቱት ሰዎች 48,830 ነበሩ። ከእነርሱ 26,328 ራሳቸውን የገደሉ ናቸው፤ በሌላ ሰው እጅ የተገደሉት 20,958 ናቸው። በካሊፎርኒያ 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተለና በ2020 የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች በጦር መሣሪያ ራሳቸውን የገደሉበት መጠን ከሌላቸው ወንዶች ስምንት እጥፍ ያህል ሲሆን፣ በሴቶች ሠላሳ አምስት እጥፍ ያህል ነበር። ይህ የሚሆነው ሽጉጥ ኀዘንን ስለሚወልድ አይደለም። ሰው በጽኑ ኀዘን የሚወድቅበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ሰዓት ሌላ መንገድ የሞከረ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ ንስሓም ሕክምናም ያገኛል። ሽጉጥ የያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። በስደት ብቸኝነት የሚኖር፣ ኀዘኑን ለማንም የማይናገር ወገናችን ይህን ሳያስብ «ለጠላቴ» ብሎ የገዛው መሣሪያ በራሱ ላይ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ይገባዋል። በቤት ውስጥ ልጆች ካሉ ደግሞ ያልተቆለፈበት ሽጉጥ ለአንዲት ቀን እንኳ የሚፈቀድ አይደለም።

ለሚቃወመን ሰው የሚገባ መልስ

«ይህን ሁሉ ተናግራችሁ፣ ቢላዋ ይዞ ለቆመብኝ ሰው ምን ልመልስ?» የሚል አለ። ተቃውሞው ሊናቅ አይገባም። በታኅሣሥ 2019 በቴክሳስ፣ ዋይት ሴትልመንት በተባለች ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአምልኮ ሰዓት ጠመንጃ ያወጣ ሰው ሁለት ምእመናንን ገደለ። ስድስት ሰኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከማኅበሩ ጠባቂዎች አንዱ በሽጉጡ መትቶ ጣለው። ብዙ ነፍስ ዳነ። ይህን ሰው ማንም «በደልህ» ሊለው አይችልም። ነገር ግን ያ ሰው ጥበቃውን በግልጽ የተሾመበት፣ ለዓመታት የተለማመደና ሌሎችንም ያሠለጠነ ነበር።

በሰኔ 2021 ደግሞ በኮሎራዶ፣ አርቫዳ በተባለች ከተማ፣ ፖሊስ የገደለን ነፍሰ ገዳይ አንድ ሽጉጥ የታጠቀ መንገደኛ መትቶ አስቆመው። የሰውየው ጀግንነት በሕዝብ ተመስክሯል። ሆኖም ጥቂት ቆይቶ የደረሰው ፖሊስ እርሱን ራሱን ነፍሰ ገዳዩ መስሎት ተኩሶ ገደለው። እነዚህ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሽጉጥ አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ማዳኑን አይክዱም። ነገር ግን ይህን ለማድረግ የሚነሣ ሰው የራሱንም ነፍስ አሳልፎ ለመስጠት አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆን እንዳለበት ያስተምራሉ። ሽጉጥ የታጠቀው ለራሱ ደኅንነት ብቻ ከሆነ ደኅንነትን ሊያገኝበት እንደሚችል እርግጠኛ አይሁን።

ለሚመክሩ ሰዎች

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው «ኃጢአት ነው» ወይም «መብትህ ነው» ብለው በአንድ ቃል ባያልፉት ይመረጣል። ጠያቂውን በትዕግሥት መልሰው ይጠይቁት።

የምትፈራው ሰው ወይም ስፍራ በስም የሚታወቅ ነው ወይስ ከዜና የመጣ አጠቃላይ ፍርሃት ነው? ሽጉጥ ከማሰብህ በፊት ሌላውን አድርገሃልን? መብራት ጨምረሃልን፣ ገንዘቡን በየሰዓቱ ከሣጥኑ አንሥተሃልን፣ የሥራ ሰዓትህን ወይም መንገድህን ለመቀየር ሞክረሃልን? በቤትህ ማን ይኖራል? ስትቆጣ ምን ታደርጋለህ? ትጠጣለህን? ባለፈው ዓመት በሕይወት መኖር ያስጠላህ ቀን ነበርን? በየወሩ ለመለማመድ ጊዜና ገንዘብ አለህን? ሚስትህ ታውቃለችን፣ ተስማምታለችን?

እነዚህን በእውነት የመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ውሳኔውን ራሱ ያገኘዋል። ሽጉጡን ትቶ የሚሄድ ቢሆን ፈሪ አይባል። በእውነተኛ አደጋ ውስጥ ሆኖ፣ ሌላ መንገድ አጥቶ፣ ታጥቆ የሚሄድ ቢሆንም ከማኅበሩ እንደተለየ አይታይ። ለእርሱ የሚሰጠው ምክር የሚከተለው ነው። ከሚመቸው ይልቅ ሊቆጣጠረው የሚችለውን መሣሪያ ይምረጥ። ምላጩን የሚሸፍን ማኅደር ይግዛ። በቤቱ በቁልፍ ያኑረው። አንዲት ብርጭቆ በጠጣ ቀን አይታጠቀው። ስድብ ሲሰማ ካልታጠቀ ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይሽሽ፣ የታጠቀ ሰው የመጣላት መብት የለውምና። ኀዘን በጸናበት ጊዜ የአገሩ ሕግ በሚፈቅደው መንገድ መሣሪያውን ለታመነ ወዳጅ አደራ ይስጥ፤ ይህንንም ኀዘኑ ሳይመጣ፣ በደኅናው ቀን፣ ከወዳጁ ጋር ይነጋገርበት። እንዲህ ያደረገ ሰው ሽጉጡ ተሸሽጎ ቢውልም ኅሊናው የሚመሰክርለት ሌላ ሰው አግኝቷል።

ሊቃውንት መከላከልን ሲፈቅዱ የአጥቂውም ሕይወት የእግዚአብሔር መሆኑን አልዘነጉም፤ ልክን ያበጁት ስለዚህ ነው። በአንድ መደብር ከመስታወት በታች የተደረደሩትን ሽጉጦች የሚመለከት ክርስቲያንም ከመምረጡ በፊት ይህን ያስታውስ። በባዕድ አገር በሌሊት የሚደክሙትን ወገኖቻችንን እግዚአብሔር ከወንበዴም፣ ከራሳቸውም ቍጣና ኀዘን ይጠብቅልን፤ ለሚመክሯቸውም ማስተዋልን ይስጥ።